«ለምን» ላልቶና ጠብቆ ሲነበብ

በእንግሊዝ አገር ተወልደው ያደጉት ባለቅኔ አቶ ለምን ሲሳይ በ2019 ዓ.ም. «ስሜ ለምን ነው» የተባለ የሕይወት ታሪካቸውን በእንግሊዝኛ ቋንቋ አሳትመዋል። (በዚህ ጽሕፈት የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ነው።) መጽሐፉን እንግሊዝኛ ከሚያውቅ ወዳጄ ጋር ሆኜ ገጽ በገጽ ሰማሁት። የልጅነት መከራን የሚተርክ መጽሐፍ በዓለም ብዙ ስለ ሆነ፣ ሌላ አንድ ተጨመረ ብዬ ነበር የጀመርሁት። ነገር ግን ስለ ስም የተጻፈ መጽሐፍ ሆኖ አገኘሁት፤ ስለ ስም ደግሞ የቅኔ ቤት ሰው ዝም ሊል አይገባውም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። እናቲቱ ለትምህርት ከኢትዮጵያ ወደ እንግሊዝ አገር ሄዳ ሳለች በ1967 ወንድ ልጅ ወለደች፤ ስሙንም ለምን አለችው። ያላገባች ነበረችና ለጊዜው የሚያሳድግላት ሰው እንዲፈለግ ፈቀደች፤ የጉዲፈቻውን ወረቀት ግን አልፈርምም አለች። ጕዳዩን የያዘው የመንግሥት ሠራተኛ ኖርማን የሚለውን የገዛ ስሙን ለሕፃኑ ሰጥቶ፣ አጥባቂ ባፕቲስት ለሆኑ ባልና ሚስት አስረከበው፤ እንደ ጉዲፈቻ ቍጠሩት አላቸው። እነርሱም በወንጌላዊው ስም ማርቆስ ብለው ጨመሩለት። 12 ዓመት ሲሆነው መለሱት፤ ከዚያ ወዲያ ከአንዱ የልጆች ማሳደጊያ ወደ ሌላው ሲዘዋወር አደገ። ከማሳደጊያ ሊወጣ ሲቃረብ የልደቱ ወረቀትና እናቱ በ1968 የጻፈችው ደብዳቤ ተሰጠው። በደብዳቤዋም ልጄን መልሱልኝ፣ በአገሩና በወገኑ መካከል ይደግ፣ ስለ ቀለሙ መናቅ እንዳያገኘው ብላ ጠይቃ ነበር። ያን ጊዜ ሕፃኑ ገና አንድ ዓመት ቢሆነው ነው።

የመጽሐፉ ብልሃት በአሠራሩ ነው። ደራሲው መሥሪያ ቤቱ ስለ እርሳቸው የጻፈውን መዝገብ ብዙ ዓመት ሲጠይቁ ኖረው በ2015 እጃቸው ገባ። ያን መዝገብ ከነቀኑ በገጹ ላይ አትመው፣ የገዛ ትዝታቸውን በጎኑ አኖሩት። ልጁ እናቴ የሚላትን መዝገቡ አሳዳጊ ይላታል፤ ልጁ ቤቴ የሚለውን መዝገቡ የተመደበበት ስፍራ ይለዋል። ስድብ ያለበት ገጽ አይታጣም፤ ከስድቡ ይልቅ የሚያስፈራው ግን የመዝገቡ ትሑት አነጋገር ነው። ማንም ሳይቈጣ፣ ማንም ክፉ ቃል ሳይናገር፣ የአንድ ሕፃን አገርና ወገን በሁለት መሥመር ይሰረዛል። የቀለም ንቀት በጩኸት ብቻ የሚመጣ የሚመስለው ሰው ይህን ያንብብ።

በማሳደጊያው ዘመን የወጣላቸው ቅጽል ስም ነጭ ጠመኔ እንደ ማለት ነው። ጥቁሩን ልጅ ነጭ ብሎ መጥራት! እኛም በተቃራኒው መናገርን በቅኔ እናውቃለን፤ ይህ ግን ወርቅ የሌለው ሰም ነው፤ ልጁም ሌላ ስም አላወቀምና በዚያው ሲጠሩት አቤት ይል ነበር።

አሁን ወደ ስሙ እንመለስ። ለምን የሚለው ቃል «ም» ሲላላ ጥያቄ ነው፤ ሲጠብቅ ግን ልመና አድርግ የሚል ትእዛዝ ነው። ሲሳይም የዕለት ምግብ ማለት ነው። እንግዲህ ሁለቱ ስም ባንድነት ሲነበብ ሰሙ ጥያቄ፣ ወርቁ ልመና ይሆናል። የእንግሊዝ አንባቢ የተገለጠለት የመጀመሪያው ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ሁለተኛው ሳይነገር በመጽሐፉ ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል፤ የእናቲቱ ደብዳቤ ልመና ነውና። እናት ለመነች፣ ሰሚ አጣች፤ ልጅ አድጎ ለምን አለ። መጽሐፉ በሙሉ በዚህ ኅብር ላይ የቆመ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እኔም በሰው ደጅ አድጌአለሁ። በዘጠኝ ዓመቴ ደበሎ ለብሼ፣ አኵፋዳ ይዤ ከእናቴ ቤት ወጣሁ፤ በእንተ ስማ ለማርያም እያልሁ እየለመንሁ ተማርሁ። ውሻ ነክሶኛል፣ ብርድ መትቶኛል። ነገር ግን «የማን ልጅ ነህ? አገርህ ወዴት ነው?» ሳልባል ቍራሽ የተቀበልሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ያን ጊዜ ጥያቄው ያሰለቸኝ ነበር። አሁን ሳስበው ጥያቄው ወደ ቤት የሚያስገባ ጥያቄ ነበር። በባዕድ አገር በነጮች ቤት ያደገው ጥቁር ልጅም በመንገድ ላይ «አገርህ ወዴት ነው?» ይባላል፤ ቃሉ አንድ ነው፤ ያ ግን የሚያስወጣ ጥያቄ ነው። አሳዳጊዎቹም ደርሶባቸው ስለማያውቅ መልሱን ሊያስተምሩት አይችሉም። ሙሴን የፈርዖን ልጅ ስም አወጣችለት፤ ያጠባችው ግን የገዛ እናቱ ነበረች። ስም መለወጡም ብቻውን በደል አይደለም፤ እኛም በክርስትና ሌላ ስም እንቀበላለን፤ የፊተኛው ግን አይደበቅብንም።

አገራችን ሕፃናትን ለውጭ አገር ሰው በጉዲፈቻ መስጠትን በ2018 በሕግ እስክትከለክል ድረስ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ልጆች ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ሄደዋል። በፍቅር ያደጉ ብዙ ናቸው፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ነገር ግን እነዚህ ልጆች አድገው መጠየቅ ሲጀምሩ የሚያገኙት መዝገብ ምን ያህል እውነት የያዘ እንደ ሆነ እኛ ወረቀቱን የጻፍነው ልናስብበት ይገባናል።

ነቀፌታም አለኝ። በየምዕራፉ ራስ የተቀመጡት አጫጭር ግጥሞች ሁሉም አንድ ልክ አይደሉም፤ ጥቂቶቹ የሚያበሩ ሲሆኑ ሌሎቹ ምዕራፉ ከያዘው ኀዘን ጋር ሲተያዩ ይቀልላሉ። የማሳደጊያ ቤቶቹ ታሪክም በችኰላ ያልፋል። ታሪኩ ደራሲው ከማሳደጊያ በሚወጡበት ዘመን ይቆማልና፣ በ21 ዓመታቸው እናታቸውን በጋምቢያ አገር ማግኘታቸውን ለማንበብ የሚጓጓ ሰው ያዝናል። እኔም አዝኜ ነበር። ወዳጄ ግን መዝገቡ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው ብሎ መለሰልኝ፤ የምመልስለት አላገኘሁም።

መጽሐፉን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ቢገኝ አንድ ነገር እለምነዋለሁ። በአርእስቱ ላይ «ም» ይጥበቅ ወይም ይላላ ብሎ ምልክት አያድርግበት። ፊደላችን ሁለቱን አንድ አድርጎ ይጽፋልና፣ እንዳለ ይተወው።