«ሰንደል» በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉምና በራጉኤል ገበያ

በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የኪራም መርከቦች ከኦፊር ያመጡትን «አልሙግ» የተባለ እንጨት «ሰንደል» ብሎታል (1ኛ ነገሥት 10፥11)። ይህ አተረጓጐም ደጋፊዎች አሉት፤ ነገር ግን አያሳርፍም። በ2ኛ ዜና መዋዕል 2፥8 ሰሎሞን ይህንኑ እንጨት (በዚያ «አልጉም» ይባላል) ከሊባኖስ ይለምናል፤ የሕንዱ ነጭ ሰንደል ግን የሊባኖስ ዛፍ አይደለም። በካናውጅ ሽቱ ቀማሚዎች የጽጌ ረዳን መዓዛ የሚያሳድሩበት ዘይት ከዚሁ ዛፍ ግንድ ልብ የሚወጣ ነው፤ መጽሐፉ ግን ስለ መዓዛ አንዳች ሳይናገር መሰንቆና በገና ተሠራበት ይላል። ደግሞስ አንባቢው? በራጉኤል ዙሪያ «ሰንደል» ብሎ ለጠየቀ ገዢ የሚቀርብለት በቀርከሃ ስንጥር ላይ የተለበጠ የሚጤስ ነገር ነው፤ ሰንደልነቱም ብዙ ጊዜ በስሙ ብቻ ይቀራል። ይህ ሰው የሰሎሞን በገና ከምን ተሠራ ይበል? ተርጓሚዎቹ «አልሙግ»ን እንዳለ ቢተዉት በተሻለ ነበር።