ዘማች አዝማች፦ ተኩስንና የጦር አመራርን ስላዋሐዱ የቪዲዮ ጨዋታዎች አሰያየም

የቪዲዮ ጨዋታዎች ከባሕር ማዶ ስማቸውን እንደ ያዙ ስለ መጡ፣ የየዓይነታቸውን መጠሪያ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ተርጓሚ ብዙ ጊዜ የሚቀናው እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ቃል ነቅሎ በአንድ የአማርኛ ቃል መተካት ነው። ይህ አሠራር ለአንዳንዱ ስም ይበቃ ይሆናል፤ ሁለት ዓይነት ጨዋታዎች በአንድነት ከተገናኙበት ዓይነት ላይ ሲደርስ ግን ይሰናከላል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን የመሰለውን ነው፤ ይኸውም ተጫዋቹ በገዛ እጁ እየተኰሰ በዚያው ጊዜ ሠራዊት የሚመራበትን ጨዋታ ነው። ሐሳባችን በአጭሩ ሲገለጽ፣ የዚህ ጨዋታ ስም መውጣት ያለበት ከእንግሊዝኛው ስያሜ ሳይሆን ከጨዋታው ባሕርይ ነው፤ ስሙ በትክክል ከወጣም ተርጓሚው በጨዋታው ውስጥ የሚያገኘውን ትእዛዝ በየትኛው ቁጥር፣ ጾታና የአክብሮት ደረጃ እንደሚመልሰው ይመራዋል።

1. ስለ ቃል በቃል ትርጉም

የእንግሊዝኛው ስም ቃል በቃል ቢመለስ «የእውነተኛ ጊዜ ስትራቴጂ ተኳሽ ጨዋታ» የሚል ይሆናል። በዚህ ሐረግ ውስጥ ሦስት እንከኖች እናያለን።

አንደኛው እንከን «ተኳሽ ጨዋታ» በሚለው ላይ ነው። «ተኳሽ» ከ«ተኰሰ» የወጣ፣ አድራጊውን የሚያመለክት ቃል ስለሆነ፣ ከ«ጨዋታ» ፊት ሲገባ ጨዋታው ራሱ የሚተኩስ ያስመስላል። አማርኛ እንዲህ ላለው ግንኙነት አገናዛቢውን «የ» ይጠቀማል። የገና ጨዋታ፣ የካርታ ጨዋታ እንደምንል ሁሉ የተኩስ ጨዋታ ማለት ይገባል። ከዚህም በላይ «ስትራቴጂ ተኳሽ» የሚለው ጥምረት «ዒላማ ተኳሽ» በሚለው የታወቀ አነጋገር መሠረት ሲነበብ፣ ስትራቴጂን ዒላማ አድርጎ የሚተኩስ ማለት ይሆናል። ይህን ትርጉም ማንም አልፈለገውም።

ሁለተኛው እንከን «እውነተኛ ጊዜ» የሚለው ነው። የ«እውነተኛ» ተቃራኒ «ሐሰተኛ» ነው፤ ሐሰተኛ ጊዜ ያለው ጨዋታ ግን የለም። እንግሊዝኛው ሊለይ የፈለገው ተጫዋቾች ተራ ጠብቀው የሚጫወቱትን ተራ ሳይጠብቁ ከሚጫወቱት ነው። አንዳንዶች በዚህ ፈንታ «ቅጽበታዊ» የሚለውን ሊመርጡ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ቅጽበት የዓይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ ስለሆነ፣ ብዙ ሰዓት ለሚፈጅ ጨዋታ ቅጽል ቢሆን አንባቢን ያሳስታል።

ሦስተኛው እንከን ከሁለቱ ይብሳል። ሐረጉ ሁለት ስሞችን አጠገብ ለአጠገብ ከማቆም አልፎ በመካከላቸው ያለውን ዝምድና አይናገርም። የጨዋታው ምሥጢር ያለው ግን በዚህ ዝምድና ውስጥ ነው።

2. ተራ አልባነት በሰንጠረዥ

ተራ ሳይጠብቁ መጫወት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ገበጣ በተራ የሚጫወቱት ነው። የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ግን «ወረራ» የሚባል መክፈቻ ነበረው። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ ባሳተሙት ጥናት እንደተገለጸው፣ ሁለቱ ተጫዋቾች ጨዋታውን ሲጀምሩ ተራ ሳይጠብቁ፣ አንዱ ስንት ጊዜ እንዳንቀሳቀሰ ሌላው ሳይቈጥር፣ ጠጠሮቻቸውን እኩል ያንቀሳቅሳሉ፤ የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና ጨዋታው በተራ ይቀጥላል።

ይህ ምሳሌ ለቃል አውጪ ሁለት ነገር ያስተምራል። በመጀመሪያ፣ አማርኛ ተናጋሪው ሁለቱን ዓይነት አጨዋወት በ«ጊዜ» ሳይሆን በ«ተራ» መለየቱን ያሳያል። ስለዚህ «ተራ አልባ» የሚለው ቃል ቤት አልባ፣ ስም አልባ በሚሉት ሥርዐት የተሠራ በመሆኑ ለጆሮ አይጐረብጥም። «ያለ ተራ» ከሚለው የመረጥነውም፣ ይህኛው በሰልፍ ላይ ሌላውን ቀድሞ የሚገባን ሰው ስለሚያስወቅስ ነው። ሁለተኛም፣ «ወረራ» ራሱን መልሶ መጠቀም ቢያጓጓም፣ ቃሉ በዛሬው አነጋገር የሌላውን አገር በኃይል መያዝን ስለሚያመለክት ለጠቅላላው ዓይነት መጠሪያ አይሆንም።

3. ጨዋታዎቹ ምን ያሳያሉ?

ስም ከማውጣታችን በፊት ሥራዎቹን መመልከት ይገባናል። እ.ኤ.አ. በ1980 አታሪ ያወጣው «ባትልዞን» ተጫዋቹን በአንድ ታንክ ውስጥ አስቀምጦ በፊቱ የሚመጣውን ጠላት እንዲመታ ያደርገው ነበር። ተጫዋቹ የሚያዘው ጭፍራ የለውም። በሌላው ጫፍ፣ ዌስትውድ እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው «ዱን 2» የጦር አመራር ጨዋታ መልክ የያዘበት ነው። ተጫዋቹ ከላይ ወደ ታች እየተመለከተ ስንቅ ያሰበስባል፣ ጦር ሰፈር ያሠራል፣ ጭፍራ ያሰልፋል። በሜዳው ላይ ግን አካል የለውም፤ ስለዚህ ጥይት አያገኘውም።

ታሪኩን ከዚህ ብቻ የጀመረ ሰው የሁለቱ ውሕደት የኋላ ፍሬ ይመስለዋል። ነገር ግን ቴክኖሶፍት የተባለው የጃፓን ድርጅት «ሄርዞግ ጽቫይ»ን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1989፣ ከ«ዱን 2» 3 ዓመት ቀድሞ ነው። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቹ አንዴ አውሮፕላን፣ አንዴ ምድረኛ ተዋጊ በሚሆን መኪና ላይ ሆኖ ይዋጋል፤ ጭፍሮቹንም ገዝቶ፣ አንሥቶ ወደ ሜዳው ያደርሳል። ለጭፍራ ትእዛዝ መስጠት ራሱ ገንዘብ ይጠይቃል። እንግዲህ የጦር አመራር ጨዋታ ለብቻው ቅርጽ ከመያዙ በፊት ተዋጊና መሪ በአንድ አካል ነበሩ ማለት ነው። በመሆኑም ሁለት ስሞችን በመለጠፍ ይህን ዓይነት መሰየም ከቋንቋ ብቻ ሳይሆን ከታሪክም ጋር ይጋጫል። «ሄርዞግ» በጀርመንኛ መስፍን ማለት ሲሆን፣ በጥንቱ ትርጉሙ ጦር የሚመራ ማለት መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ማስታወስ ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. በ1998 አክቲቪዥን የቀድሞውን «ባትልዞን» ስም ይዞ ያወጣው ሥራ በበኩላችን የዚህ ዓይነት ምርጥ ምሳሌ ነው። አሜሪካና ሶቭየት ኅብረት በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ከምድር ውጭ በጨረቃና በሌሎች ዓለማት ላይ በምሥጢር ሲዋጉ ያሳያል። ተጫዋቹ ውጊያውን የሚያየው በራሱ ታንክ ውስጥ ሆኖ ነው። ታንኩ ሲመታበት ወጥቶ በእግሩ ይሄዳል፤ በጠመንጃውም የጠላትን ነጂ መትቶ ታንኩን ሊወስድ ይችላል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ጭፍሮቹ ትእዛዝ ይጠብቃሉ። ከኮረብታ ማዶ ያለው ወገኑ ሲጠቃ፣ እሱ አንድ ጠላት እያሳደደ ይሆናል። በመሆኑም በዚህ ጨዋታ እጅግ የሚቸግረው ሀብት ከመሬት የሚለቀመው ብረት ሳይሆን የአዛዡ ልብ ነው፤ አንዱን ልብ ሲል ሌላውን ይዘነጋል። የሥራው ኃይል ያለው በዚህ ጭንቀት ላይ ነው ብለን እናምናለን። ጭፍሮቹ በራሳቸው የማመዛዘን ችሎታ ስለሚያንሳቸው አዛዡ አልፎ አልፎ እረኛ ሆኖ መገኘቱ ግን የሚነቀፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 ለ«ሀፍ ላይፍ» ማሻሻያ ሆኖ የወጣው «ናቹራል ሴሌክሽን» እና ኤስ 2 ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው «ሳቬጅ» ሌላ መንገድ ተከትለዋል። በእነዚህ ውስጥ ከአንድ ወገን ተጫዋቾች አንዱ በአዛዥነት ተቀምጦ ሜዳውን ከላይ ያያል፤ ሌሎቹ በእግር ይዋጋሉ። በ«ናቹራል ሴሌክሽን» አዛዡ አንድ ሕንፃ የሚቆምበትን ስፍራ ይመርጣል እንጂ ወታደሮቹ ደርሰው ካልሠሩት አይቆምም። ታዛዦቹ ሕያዋን ሰዎች ስለሆኑ እምቢ ሊሉ፣ በድምፅ ብልጫም አዛዡን ሊያወርዱ ይችላሉ። እዚህ ላይ የሚቸግረው ሀብት የአዛዡ ልብ ሳይሆን የባልንጀሮቹ እሺታ ነው። ጉድለቱም ከዚሁ ይመነጫል፤ ለአዛዥነት የማይበቃ አንድ ሰው የሌሎቹን ሁሉ ጨዋታ ያበላሻል።

4. የምናቀርበው ስያሜ

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ከአንድ ሥር የወጡ ሁለት ቃላት አሉት። «ዘመተ» ከሚለው «ዘማች»፣ «አዘመተ» ከሚለው «አዝማች» ይወጣሉ፤ አንዱ ወደ ዘመቻ የሚሄደው፣ ሁለተኛው ሌላውን የሚያዘምተው ነው። ደጃዝማች፣ ቀኝአዝማችና ግራዝማች በሚሉት ማዕርጎች ውስጥ ያለውም ይኸው ቃል ነው። ስለዚህ ሁለቱን ሥራ አንድ ተጫዋች ለሚሠራበት «የዘማች አዝማች ጨዋታ»፣ ሥራው በተለያዩ ተጫዋቾች ለሚከፈልበት ደግሞ «የዘማችና አዝማች ጨዋታ» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። አንዲቱ «ና» የጨዋታውን ባሕርይ ሁሉ ትለያለች።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች አሉ። «አዝማች» በዘፈንና በመዝሙር የሚደጋገመው ክፍል ስም ነው ቢባል፣ «ዘማች» አጠገቡ እስካለ ድረስ የሚደናገር አይኖርም ብለን እንመልሳለን። ከ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወዲህ «ዘማች» ለማስተማር ለወጣውም ተብሏል፣ ስለዚህ ተኩስን አያመለክትም ቢባል፣ ነገሩ እውነት ነው። ነገር ግን ስያሜው ሊገልጽ የሚገባው የመሣሪያውን ዓይነት ሳይሆን በሜዳው ላይ በአካል መገኘትን ነው። «ፊታውራሪ» ከፊት ሆኖ የሚመራ በመሆኑ ይሻላል የሚልም አይጠፋም። ቃሉ ያማረ ቢሆንም የማዕርግ ስም ሆኖ ስለ ኖረ፣ አንባቢው አስቀድሞ የሚያስበው ባለማዕርጉን ነው፤ ደግሞም ተዋጊና አዛዥ ለተለያዩበት ጨዋታ ሊስማማ አይችልም።

5. ለተርጓሚው የሚሰጠው ጥቅም

ይህ መለያየት የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። እንግሊዝኛው አንድ ትእዛዝ ለሁሉ ሲጠቀም፣ አማርኛ «ተከተለኝ»፣ «ተከተዪኝ»፣ «ተከተሉኝ»፣ «ይከተሉኝ» ብሎ መምረጥ ግድ ይሆንበታል። በዘማች አዝማች ጨዋታ ታዛዡ በመሣሪያው የሚነዳ ጭፍራ ስለሆነ ጥያቄው የቁጥር ብቻ ነው፤ ለአንድ «ተከተለኝ»፣ ለብዙ «ተከተሉኝ» የሚሉ ሁለት ጽሑፎች ሊዘጋጁ ይገባል። በዘማችና አዝማች ጨዋታ ግን ታዛዡ ጾታውና ዕድሜው የማይታወቅ ሌላ ሰው ነው። እዚህ ላይ ትእዛዝ አንቀጽን ትቶ በአርእስት «መከተል»፣ «ማጥቃት»፣ «መጠገን» እያሉ መጻፍ ይሻላል።

መልሱም እንዲሁ ይለያያል። ጭፍራ አዛዡ ሲጠራው «አቤት» ማለቱ ተገቢ ነው፤ ባልንጀራ ለባልንጀራው ግን «ወይ» ወይም «እሺ» ይላል እንጂ «አቤት» ቢል ጨዋታው የሌለውን ማዕርግ ይፈጥርለታል። «ጠብቅ» የሚለውም ባለበት ቆይ እና ዘብ ቁም የሚሉ ሁለት ትርጉሞች ስላሉት፣ በተኩስ መካከል ላለ ተጫዋች አደናጋሪ ነው። ለመጀመሪያው «ቁም»ን፣ ለሁለተኛው «ተከላከል»ን እንመርጣለን። ተርጓሚ የጨዋታውን ዓይነት ሳይለይ የትእዛዞቹን ዝርዝር ብቻ ተቀብሎ ቢመልስ ከእነዚህ ስሕተቶች ሊያመልጥ አይችልም።

6. ለውይይት የቀረቡ ስያሜዎች

የተኩስ ጨዋታ፦ ተጫዋቹ በራሱ መሣሪያ የሚዋጋበት።
የጦር አመራር ጨዋታ፦ ተጫዋቹ በሜዳው ላይ አካል ሳይኖረው ሠራዊት የሚመራበት።
ተራ አልባ፦ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ እኩል የሚንቀሳቀሱበት።
የዘማች አዝማች ጨዋታ፦ አንድ ተጫዋች በሜዳው እየተዋጋ ሠራዊቱንም የሚመራበት ተራ አልባ ጨዋታ።
የዘማችና አዝማች ጨዋታ፦ በአንድ ወገን ካሉ ተጫዋቾች አንዱ የሚመራበት፣ ሌሎቹ የሚዋጉበት ተራ አልባ ጨዋታ።
ስንቅ፦ ጭፍራ ለማቋቋምና ሕንፃ ለመሥራት የሚሰበሰብ ሀብት።
ቃፊር፦ የጠላትን ሁኔታ ቀድሞ የሚያይ ጭፍራ።
ደጀን፦ ከግንባሩ ኋላ ሆኖ ተዋጊውን የሚረዳ ኃይል ወይም ስፍራ።

ከእነዚህ መካከል የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ትርጉማቸው በጥቂቱ ሰፍቶ የቀረቡ ነባር ቃላት ናቸው። አዲስ ቃል መፍጠር የሚያስፈልገው ያለው ከተፈተሸ በኋላ መሆኑን የጦር ሜዳው አማርኛ ራሱ ይመሰክራል። ሥራ ላይ የሚያውሏቸው ተርጓሚዎችም በየዐረፍተ ነገሩ ፈትነው የማይስማማውን ነቅሰው እንዲያወጡልን እንጠይቃለን።