ዱቄቱና አርእስቱ፤ ስለ ስፒኔል ፌራይት ምርመራዎች የቀረበ ሒስ

በአሶሳ ዙሪያ ወርቅ የሚያጥብ ሰው ገበቴውን በውሃ አሽከርክሮ ሲጨርስ ከወርቁ ጋር የሚቀርለት ጥቁር አሸዋ ነው። ወርቁን ለቅሞ አሸዋውን ይደፋዋል። ከዚሁ ከሚደፋው ውስጥ ማግኔት የሚስበው ክፍል በአብዛኛው ማግኔታይት የሚባለው ማዕድን ሲሆን፥ ይህም ከብረትና ከኦክሲጅን የተሠራ የስፒኔል ፌራይት ዓይነት ነው። እንግዲህ ስሙ ለጆሮ እንግዳ ቢመስልም፥ ነገሩ ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሰው እንግዳ አይደለም።

ስለዚህ ነገር በየአገሩ ብዙ የምርመራ ጽሑፍ ይታተማል። አርእስቱ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ የእንዲህ ያለ ፌራይት ናኖ ቅንጣት አሠራርና ጠባይ፥ ለኢንፍራሬድ ጨረርና ለካታሊስት አገልግሎት፥ ይላል። እኛ ልንነቅፍ የተነሣነው ይህን ወይም ያንን ጸሐፊ አይደለም። አርእስቱ «ለአገልግሎት» ብሎ የገባውን ቃል ገጾቹ የማይፈጽሙበትን ልማድ ነው። ከዚህ ልማድ እኛም ራሳችን ነጻ አይደለንም።

አስቀድመን የሚመሰገነውን እናመስግን። አሠራሩ በጥንቃቄ ይጻፋል። የብረትና የኮባልት ወይም የዚንክ ናይትሬት በውሃ ይሟሟል፤ ሲትሪክ አሲድ ይጨመርበታል፤ እየሞቀ እንደ ሙጫ ይወፍርና በመጨረሻ በራሱ ተቀጣጥሎ ብን ያለ ዱቄት ይሆናል። (ቡናማው ጢስ ሲነሣ መርዝ መሆኑን የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው፤ የሠራው ሁሉ በጉሮሮው ያውቀዋል።) የክሪስታሉም መግለጫ መልካም ነው። ኦክሲጅኖቹ ተደርድረው በመካከላቸው ሁለት ዓይነት ክፍተት ይተዋሉ፤ አንዱ በአራት፥ ሁለተኛው በስድስት ኦክሲጅን የተከበበ ነው። ይህ አቀማመጥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1915 ታወቀ። በ1948 ደግሞ ፈረንሳዊው ሉዊ ኔል በሁለቱ ክፍተቶች ያሉት አተሞች ማግኔትነት እርስ በርሱ ተቃራኒ መሆኑንና፥ እኩል ስላልሆነ ልዩነቱ ተርፎ እንደሚታይ አስረዳ፤ በ1970 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ይህ ሁሉ በትክክል ይጻፋል።

ችግሩ የሚጀምረው «ኢንፍራሬድ» ከሚለው ቃል ላይ ነው። ቃሉ ለሁለት ልዩ ልዩ ነገር ይውላል። አንደኛው የዱቄቱን ማንነት ለመለየት በመሣሪያ የሚደረገው ምርመራ ነው፤ በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ 600 እና 400 ሞገድ ግድም ሁለት ምልክቶች ከታዩ፥ ብረቱና ኦክሲጅኑ በስፒኔል አቀማመጥ ተያይዘዋል ይባላል። ሁለተኛው ዱቄቱ ሲግል ከራሱ የሚያወጣው ጨረር ነው። ያነበብናቸው ጽሑፎች ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ለክተው ስለ ሁለተኛው ይፈርዳሉ። ሒሳቡን ማየት ይበቃል። እነዚያ ምልክቶች የሚታዩት የሞገዱ ርዝመት ከ17 እስከ 25 ማይክሮሜትር በሚሆንበት ላይ ነው፤ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የጋለ የምድጃ ግድግዳ ግን ጨረሩን አብዝቶ የሚያወጣው 4 ማይክሮሜትር ግድም ላይ ነው። በዚያ አጭር ሞገድ ላይ ልኬት ካልተደረገ ስለ ምድጃ የተነገረው ሁሉ ምኞት ነው።

ነገሩን ማጥበቃችን በከንቱ አይደለም። በክልሉ ገጠር ገንፎውም ወጡም የሚበስለው በእንጨትና በቀርከሃ እሳት ነው። የቆላው ቀርከሃ ደግሞ ለቤትና ለአጥር፥ ለጋው ቡቃያም ለምግብ የሚሆን ሀብት ነው። ምድጃ ላይ የሚቀባ ዱቄት ከየቀኑ ማገዶ ጥቂት እንኳ የሚያድን ከሆነ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከምን ጋር ተወዳድሮ? ሸክላ በተፈጥሮው ብርቱ ጨረር አውጪ ነው፤ ፍጹም ጥቁር ከሚባለው አካል ጨረር ከመቶ 90 ያህሉን ያወጣል። ስለዚህ ከሸክላ ላይ የተቀባ ፌራይት ሊጨምር የሚችለው ጥቂት ነው፤ በሚያብለጨልጭ ቆርቆሮ ላይ ግን ልዩነቱ ሰፊ ሊሆን ይችላል። ያልተቀባውን ምድጃ ከተቀባው ጎን አስቀምጦ፥ እኩል ውሃ አፍልቶ፥ የነደደውን ቀርከሃ በሚዛን ያሳየ ጽሑፍ ገና አልደረሰንም። ለዚህ የሚያስፈልገው ሚዛን፥ ቴርሞሜትርና ሰዓት ነው።

ስለ ካታሊስቱ አጠር አድርገን እንናገር። ሜቲሊን ብሉ የሚባለው ሰማያዊ ቀለም ከዱቄቱ ጋር በብርሃን ሲቀመጥ ይደበዝዛል፤ ጸሐፊውም ካታሊስቱ ሠራ ይላል። ይሁን እንጂ ቀለሙ ሳይፈርስ በዱቄቱ ላይ ተለጥፎ ከውሃው ሊወጣ ይችላል፤ ያለ ዱቄትም በብርሃን ብቻ ይደበዝዛል። ከዱቄቱ ጋር በጨለማ፥ ያለ ዱቄቱም በብርሃን ካልተፈተነ ምስክርነቱ ጎዶሎ ነው። ደግሞም በአንድ ገጽ ቅንጣቱን በትንሽነቱ፥ በሚቀጥለው ገጽ በማግኔት በቀላሉ በመለቀሙ ያመሰግኑታል፤ ቅንጣቱ ባነሰ መጠን ግን የማግኔቱ መሳብ ይደክማል። ሳይለቀም የቀረው ስንት ነው? ከዱቄቱስ ስንት ኮባልት ወይም ኒኬል ወደ ውሃው ወጣ? ውሃውን የሚጠጣ ሰው አለና ይህን አለመጻፍ ቀላል ጉድለት አይደለም።

ወደ ጥቁሩ አሸዋ እንመለስ። ታይታኒየምና ሌላም ነገር ስለሚቀላቀልበት ለንጹሕ ናኖ ቅንጣት አይሆንም ይሉናል፤ እውነታቸውን ነው። ማግኔታይቱም በአየር ውስጥ ሲግል ወደ ሄማታይት ስለሚለወጥ ከግለት በኋላ እንደ ገና መለካት አለበት። ለምድጃ ቅብ ግን ንጽሕናው ምን ያህል ያስፈልጋል? በውድ ናይትሬት ከተሠራው ዱቄት ጎን፥ ሌላ አንድ ቆርቆሮ በተፈጨ ጥቁር አሸዋ ተቀብቶ ቢፈተን ወጪው አንድ ማግኔትና አንድ ሙቀጫ ነው።