ከቀለሙ ሥር ያለው ላሜራ

ናይሮቢ፣ ኢስሊ ውስጥ ከምኖርበት ፎቅ በታች የ9 ቁጥር ማታቱዎች፣ የከተማዋ የሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች፣ ተራ ይይዛሉ። ጠዋት ለሥራ ስወርድ ብዙ ጊዜ ሁለት መኪኖች ፊትና ኋላ ቆመው አገኛለሁ። አንደኛው የናይሮቢ ልጆች «ንጋንያ» የሚሉት ነው፤ ከጎማው በላይ ባዶ ቦታ የለውም፣ ጎኑ ላይ የቱፓክ ፊት ከበሩ እስከ መስኮቱ ተዘርግቷል፣ ውስጡ ሐምራዊ መብራት ይንቦገቦጋል፣ ሙዚቃው ከመንገዱ ማዶ ደረት ይመታል። ሌላው ነጭ ነው። ወገቡ ላይ ቢጫ መስመር ዞሮበታል፤ ከመስመር ቁጥሩና ከማኅበሩ ስም በቀር የተጻፈበት ነገር የለም። ወጣቶቹ ጥቂት ሺልንግ ቢጨምርባቸውም ነጩን አልፈው ንጋንያውን ይሳፈራሉ። እኔ ሁለቱንም እወዳለሁ። ከመሳፈሬ በፊት ግን ሁልጊዜ የማየው አንድ ቦታ አለ፤ ከመስኮቱ በላይ፣ ጣሪያውና ጎኑ የሚገናኙበት መጋጠሚያ።

ይህን ልማድ የወረስኩት ከአባቴ ነው። አዲስ አበባ ላሜራ ሠሪ ነበር። ሰው መኪና ሊገዛ አማክረኝ ሲለው ሞተሩን ለሌላ ይተውና እሱ ወደ በሩ ይሄዳል። ዓይኑን ጨፍኖ ጣቱን በበሩ ጠርዝ ላይ ከላይ እስከ ታች ያንሸራትታል። ክፍተቱ ላይ ጠቦ ታች ከሰፋ፣ «ይሄ ተገጭቷል» ብሎ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። ከዚያ በኋላ ሻጩ ቢምል ቢገዘት አይሰማም።

ወደ ማታቱዎቹ ልመለስ። ከሥር ሲታዩ ነጩና ባለ ሥዕሉ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም አይሱዙ ኤንኪውአር ናቸው። ናይሮቢ ያለው የመገጣጠሚያ ኩባንያ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጄኔራል ሞተርስ ስም ነበረው፤ በ2017 አይሱዙ የአሜሪካውን ኩባንያ ድርሻ ገዝቶ አይሱዙ ኢስት አፍሪካ ተባለ። ከዚያ የሚወጣው ግን ገና አውቶቡስ አይደለም። ሞተር፣ ጎማ፣ ጋቢና፣ ከኋላውም ራቁቱን የተዘረጋ ሻንሲ ነው። 33 ሰው የሚቀመጥበትን ቤት በሻንሲው ላይ የሚያቆሙት የከተማዋ ቦዲ ሠሪዎች ናቸው። የእኛ አገር ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በአይሱዙ ሻንሲ ላይ ቦዲ ሲሠራ እኛም «ቅጥቅጥ» እንላለን፤ መዶሻው ስሙ ውስጥ ይሰማል። ከዚያ በፊት የነበረውን፣ ተሳፋሪ ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥበትን «ውይይት»ም ናይሮቢዎች በራሳቸው መልክ ያውቁታል፤ የመጀመሪያዎቹ ማታቱዎች አግዳሚ ወንበር የተቀመጠባቸው አሮጌ መኪኖች ነበሩ። ስሙም የመጣው ከዋጋው ነው፣ በኪኩዩ ቋንቋ ሦስት ባለ አሥር ሳንቲም። በ1973 ጆሞ ኬንያታ ያለ ልዩ ፈቃድ ሰው እንዲጭኑ አወጁላቸው፤ በ2004 ሚኒስትሩ ጆን ሚቹኪ ቢጫውን መስመር፣ የወንበር ቀበቶውንና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ላይ የሚያስረውን የፍጥነት መገደቢያ አመጡባቸው። ሥዕሉም ያኔ ብዙ ጊዜ ተፍቋል። ለሚሥሉት ወጣቶች ሥራ በአደባባይ የተከራከረላቸው በ2014 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ነበር።

አንድ ቅዳሜ፣ ሁለት ቦዲ ጎን ለጎን በሚሠራበት ጋራዥ ግማሽ ቀን ቆምኩ። አንዱ ለንጋንያ ታዟል፤ ሌላው ለተራ መስመር። ባለቤቶቹ አይተዋወቁም፤ በያዡና መዶሻ ያዡ ግን ለሁለቱም አንድ ናቸው። ያን ቀን ያየሁትን ዘርዘር አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ማንም አያየውም።

መጀመሪያ አጽሙ ይቆማል። ቱቦላሬ እየተቆረጠ ወለሉ፣ ምሰሶው፣ የጣሪያው ቅስት ይበየዳል። ጀማሪና አዋቂ እዚህ ላይ ይለያሉ። ጀማሪ ምሰሶውን ከወለሉ ጋር ሲያገናኝ ዙሪያውን በአንድ ትንፋሽ ይበይደዋል፤ ብረቱ በሙቀት ይጎተትና ምሰሶው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። አዋቂው ግን አንድ ነጥብ እዚህ፣ አንድ ነጥብ ማዶ ይተክላል፤ ይለካል፤ ገመድ ከጥግ ወደ ጥግ ይወጥራል፤ ሁለቱ ሰያፎች እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው ብየዳውን የሚጨርሰው። በመስኮቶቹ ማዕዘን ላይ ደግሞ የእጅ መዳፍ የማያህል ሦስት ማዕዘን ብረት ይጨምራል። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ ሽማግሌው በያዥ መዳፉን እንደ ጨርቅ ጠመዘዘልኝ። ሻንሲው ጉድጓድ ሲገባ ይጠማዘዛል፤ ቤቱም አብሮ ይጠማዘዛል። ያ ሁሉ ጉልበት መውጫ ሲያጣ የሚሰነጥቀው የመስኮቱን ጥግ ነው። በየመንገዱ ከመስኮት ጥግ እንደ መብረቅ የወረደ ስንጥቅ ያለበት መኪና ስታዩ፣ ያቺ ትንሽ ብረት ቀርታለች።

ከዚያ ላሜራው ይለብሳል። ስስ ላሜራ እንደ ሕፃን ነው፤ ትንሽ ሙቀት ያስኮርፈዋል። ተበይዶ ሲያኮርፍ ሆዱ ይነፋል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ በመዶሻና ከኋላ በሚያዝ የብረት ድጋፍ ሞገዱን ቀስ እያሉ ማስተኛት ነው፤ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ጆሮም ይፈጃል። ሁለተኛው ስቱኮ ነው። ስቱኮ በደቂቃ ይሞላል፤ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ እንደ መስታወት ይለሰልሳል፤ ቀለም ሲቀባም ማንም አይለየውም። ማግኔት ግን ይለየዋል፤ ከወፍራም ስቱኮ ላይ ይወድቃል። የማካንጋው (የረዳቱ) እጅም ይለየዋል። የናይሮቢ ረዳት መኪናው እንዲሄድ ሲፈልግ ጎኑን በመዳፉ ሁለት ጊዜ ይመታል። በመዶሻ የተስተካከለ ላሜራ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ስቱኮ የተሸከመው ድፍን፣ እርጥብ ግድግዳ የተመታ ያህል ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ቆሜ ስጠብቅ የምሰማው ሙዚቃውን ሳይሆን መዳፉን ነው።

ያን ቅዳሜ ያስደነቀኝ በያዦቹ ለተራው መኪና ሥራቸውን አለማሳነሳቸው ነው። ለሁለቱም ሦስት ማዕዘኑን ጨምረዋል። ለሁለቱም የጣሪያውን ላሜራ ጠርዝ በጎኑ ላሜራ ላይ አጥፈው፣ ለዝናብ መሄጃ አሸንዳ ትተውለታል። የልዩነቱ መጀመሪያ ሰዓቱ ነው። ለንጋንያው ላሜራ አንድ ሰው ሁለት ቀን ሙሉ መዶሻ ይዞ ቆመለት፤ ሥዕል ያርፍበታልና። ለነጩ ሁለት ሰዓት ተሰጠው፣ የቀረውን ስቱኮ ወሰደው። ሥዕል የማያርፍበት ላሜራ ትንሽ ቢሞገድ ማን ያይበታል?

ይህን ሳስብ ትዝ ያለኝ ጀልባ ነው። ናይሮቢ ባሕር የላትም። ሐይቅና ገንዘብ በበዙበት አገር ግን ይህ ዓይነቱ ድምቀት የሚታየው ውሃ ላይ ነው፤ ከኋላው ማዕበል እየፈጠረ በሰሌዳ ላይ የቆመ ሰው የሚጎትት የመዝናኛ ጀልባ አለ። በላዩ የብረት ቅስት ቆሞ ስፒከር ይሰቀልበታል፤ ጎኑ ደማቅ ነው፤ ጅራቱ እንዲሰምጥና ማዕበሉ እንዲገዝፍ ከአንድ ቶን በላይ ውሃ በጋኖቹ ይሞላል። ከ1925 የሚጀምረው የኮሬክት ክራፍት ኩባንያ የሚሠራቸው የ«ኖቲክ» ምርጦች ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ናቸው። በ1982 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተመሠረተው «ማሊቡ» ደግሞ ውዱን መግዛት የማይችለውን ገዢ አስቦ በ2009 «አክሲስ» የሚል ረከስ ያለ ጀልባ አወጣ። ከአንድ ቤት የወጡ ውድና ርካሽ ስለሆኑ ከእኔ ሁለት ማታቱዎች ጋር ይመሳሰላሉ፤ የሚቀነሰውም ቆዳው፣ ስክሪኑ፣ የጠርዙ ጌጥ ነው። የሥራው ቅደም ተከተል ግን ከማታቱ ፍጹም ተቃራኒ ነው። የፋይበር ጀልባ የሚጀምረው ከቀለሙ ነው። እንደ መስታወት የተወለወለ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ መጀመሪያ ቀለሙ ይረጫል፣ ከዚያ ክሩና ሙጫው በላዩ ይነጠፋል፣ በመጨረሻ ተገልብጦ ሲወጣ የመጀመሪያው ንብርብር ውጭ ይሆናል። ቅርጽ ማውጫው አንድ ጊዜ በሚገባ ከተሠራ ውዱም ርካሹም ለስልሶ ይወጣል። ማታቱ እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። እያንዳንዱ ልስላሴ በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰው ክንድ የተሠራ ነው፤ ቀለሙም መጨረሻ ይመጣል፣ መሸፈኛ ሊሆንም ይችላል። ስለዚህ ነው ማታቱን ማድነቅ ከጀልባው ይልቅ የሚከብደው፣ የሚያረካውም።

ቀለሙን ግን እንደ መሸፈኛ ብቻ የሚያይ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም በፊት እንደዚያ አስብ ነበር። ሠዓሊው የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከሃያ አምስት ዓመት የማይበልጥ ልጅ፣ አፉን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ከኮምፕረሰር በተያያዘች እስክሪብቶ በምታክል መርጫ። ንድፍ አልሳለም። ጥቁሩን ጎን ፊት ለፊት ቆሞ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው፤ ከዚያ ከጉንጭ ጥላ ጀመረ። ርቀቱ ነው ሁሉ ነገር። መርጫዋን ከላሜራው ሲያርቃት ጭጋግ ትረጫለች፤ ሲያስጠጋት ፀጉር ታሰምራለች። አንጓው ሳይንቀሳቀስ ክንዱ ብቻ ይሄዳል። ግንባሩ ላይ ላብ ያለ እስኪመስል ድረስ ቡናማ በቡናማ ላይ ሰባት ስምንት ጊዜ ደራረበ። ሪቬቶቹ እንቅፋት ናቸው፤ የእያንዳንዱ አናት የራሷን ጥላ ስለምትጥል፣ ከጎኗ ያለውን ቀለም ትንሽ አጨልሞ አጠፋት። በመጨረሻ ነጩን አነሳ። በእያንዳንዱ ብሌን አንድ ነጥብ አሳረፈ፣ የስንዴ ፍሬ ታህላለች። እስከዚያች ሰከንድ ድረስ ሥዕል የነበረው ሰው ተመለከተኝ።

ይህን ለማስመሰል ርካሹ መንገድ የታተመ ስቲከር ነው። ከሩቅ ይበልጥ ጥርት ያለ ይመስላል። በሪቬቶቹ ላይ ግን እንደ ድንኳን ይወጠራል፤ አየር ይገባዋል፤ ከስድስት ወር ፀሐይ በኋላ ከጠርዙ ይላጣል፣ የሰውየው ጆሮ በነፋስ ሲወዛወዝ አይቻለሁ። በስቲከር ከተሸፈነ ንጋንያ ነጩን እመርጣለሁ። ነጩ ያልሆነውን ነኝ አላለም።

ስለ ውስጡ ብዙ አልልም፤ ባለ ሁለት ቀለሙ የወንበር ስፌት፣ ስክሪኑ፣ ከወንበር ሥር የተደበቀው የባስ ሣጥን፣ ሁሉም ለዓይንና ለጆሮ ግልጽ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ባሱ ቤቱን በቀን አሥራ አምስት ሰዓት ያንቀጠቅጠዋል። ጥሩ ሠሪ ከላሜራው ጀርባ ስፖንጅና ላስቲክ ያለብሳል። ያላለበሰው በዓመቱ ሪቬቱ ይላላል፣ ከዚያ ከሙዚቃው ጋር የራሱን ጸናጽል ያሰማል። ነጩ ሙዚቃ ስለሌለው ይህ ስጋት የለበትም። ወንበሩ ቀጭን ነው፣ ጉልበት ይነካል፣ ግን ብሎኖቹ ከወለሉ አጽም ጋር ታስረዋል እንጂ በቆርቆሮው ላይ ብቻ አልተተከሉም። ጎንበስ ብዬ አይቻለሁ። የአውቶቡስ ቦዲ አሠራርን የሚወስነው ኬኤስ 372 የተባለ የኬንያ ደረጃ አለ፤ ደረጃ ይኑርም አይኑርም፣ ያንን ብሎን እስከ አጽሙ ድረስ ማን እንዳወረደው የሚያውቀው ከሥሩ የተኛው ሰው ነው።

ሚያዝያ ላይ፣ ትልቁ ዝናብ ሲወርድ፣ ማታ ከከተማ ስመለስ ነጩን ያዝኩ። መስኮት ዳር ተቀመጥኩ። ውሃው በጣሪያው ላይ እንደ ጠጠር ይፈስሳል። ጣቴን መስኮቱ ጥግ ላይ አሳረፍኩ፤ ደረቅ ነው። ከላይ በአሸንዳው እየሄደ ከኋላ ሲፈስስ ይሰማኛል። መንገዱ ተዘግቶ ቆምን፤ በቀኛችን የጠዋቱ ንጋንያ መጥቶ ተጠጋ፣ መብራቱ በእርጥብ መስታወታችን ላይ ሐምራዊ ሆኖ ተንጠባጠበ። በሩ ክፍት ነበር። የቱፓክ ፊት በበሩ ጠርዝ ላይ ለሁለት ተከፍሎ፣ አንዱ ዓይን ከበሩ ጋር ወደ ጎን ሄዶ፣ ሌላው ብቻውን ዝናቡን ያያል። ማካንጋው ከጭቃው ዘሎ ገባና ጎኑን ሁለት ጊዜ መታ፤ ጥርት ብሎ ጮኸ። በሩን ሳበው። ግማሹ ፊት መጣ፣ ከግማሹ ጋር ገጠመ፣ የቅንድቡ መስመር ክፍተቱን ተሻግሮ ሳይሰበር ቀጠለ፣ ሁለቱ ነጭ ነጥቦችም በአንድ መስመር ላይ ቆሙ።