ዘይቱ የሚወርድበት መንገድ

ቶርኖ ቤት የዋለ ሰው ሽታው ልብሱ ላይ አብሮት ይገባል። መቁረጫው ብረቱን ሲልጥ ይግላል፤ የሚፈስበት ዘይት ገሚሱ ይረጫል፣ ገሚሱ ይተንና መልሶ ሲቀዘቅዝ ጉም ይሆናል። ትልልቁ ነጠብጣብ ወዲያው ወለል ላይ ይወድቃል። ከ1 ማይክሮን የሚያንሰው ግን ለሰዓታት ይንሳፈፋል፤ ሳንባ ጥግ ድረስ የሚዘልቀውም እሱ ነው። የአሜሪካ ሕግ በአንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 5 ሚሊግራም የማዕድን ዘይት ጉም ሲፈቅድ፣ የዚያው አገር የሥራ ጤና ተቋም ናዮሽ በ1998 እ.ኤ.አ. ለብረት መቁረጫ ፈሳሾች ከ0.5 እንዳይበልጥ መክሯል።

ይህን ጉም የሚይዘው ማሽኑ አናት ላይ የሚቀመጥ የላሜራ ሳጥን ነው። ፊት ያለው የብረት መረብ ፍቅፋቂውንና ትልልቁን ነጠብጣብ ያስቀራል። ከዚያ የመስታወት ክር ንጣፍ ይከተላል፤ ሥራው ያለው እዚህ ነው። ንጣፉ ወንፊት አይደለም፤ በክሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ከነጠብጣቡ ይሰፋል። ከበድ ያለው ነጠብጣብ አየሩ ክሩን ዞሮ ሲያልፍ አብሮ መታጠፍ ያቅተውና ይላተማል። መካከለኛው በጎን ሲያልፍ ነክቶ ይቀራል። እጅግ ደቃቁን የአየር ሞለኪውሎች ወዲያና ወዲህ ስለሚገፉት ሲንቀጠቀጥ ክሩ ላይ ያርፋል። እንግዲህ ደቃቁን የሚፈልግ ሠሪ አየሩን ማዘግየት አለበት፤ ንጣፉን አጣጥፎ ሰፊ ገጽ በጠባብ ሳጥን የሚያስገባው ለዚህ ነው። ለማምለጥ የሚቀናው 0.3 ማይክሮን አካባቢ ያለው ነው፤ ለመላተም ቀላል፣ ለመንቀጥቀጥ ከባድ። መጨረሻ ላይ የሚገባው ሄፓ ማጣሪያ በዚሁ መጠን ተፈትኖ ከመቶ 99.97ቱን እንዲይዝ ይጠየቃል።

ለእኔ ግን የሠሪው ብልኃት ከመያዙ ይልቅ በማስወጣቱ ይታያል። ክሩ ላይ ያረፉት ነጠብጣቦች ይገናኛሉ፣ ያድጋሉ፣ ክብደታቸው ሲያሸንፍ ቁልቁል ይንሸራተታሉ። ክሮቹ ከመጠን በላይ ቢጠጋጉ ዘይቱ መሄጃ ያጣል፤ ቢሳሱ ጉሙ ያልፋል። ጥሩ ሠሪ ንጣፉን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፤ አየሩ የተጠራቀመውን ዘይት መልሶ እንዳይነጥቅም ከኋላው ሻካራ የማፍሰሻ ንጣፍ ይደግፍበታል። ዘይቱን ከሳጥኑ የሚያወርደው ቱቦ ደግሞ ታች ሲደርስ ይታጠፍና ጥቂት ዘይት ይቋጥራል። ይህች መታጠፊያ ትንሽ ትመስላለች፤ ብትቀር ግን አየሩን በሳጥኑ የሚያሳልፈው ሞተር ከውስጥ ስለሚስብ አየር በቱቦው ሽቅብ እየገባ ዘይቱን አላወርድ ይላል። ያስቧት ሰዎች ሥራቸውን የሚወዱ ናቸው።

አዲስ ንጣፍ ሲገባ የግፊት መለኪያው መርፌ ቀስ እያለ ይወጣል፤ የሚገባውና የሚወርደው ዘይት ሲተካከል ይረጋል፣ በጥሩ ዕቃ ላይም ለረጅም ጊዜ እንደረጋ ይቆያል። ዘይቱ በደንብ እየወረደ መርፌው እንደገና መውጣት ከጀመረ፣ ክሩን እየደፈነው ያለው የብረት ብናኝ ነውና ንጣፉ ይቀየራል።