የማርሽ ለውጥን በጆሮ መመዘን

ማርሽ ሲቀየር ሞተሩ ከጎማው ለአፍታ ይላቀቃል። ፍሪሲዮን ተረግጦ እስኪለቀቅ ድረስ መኪናው በያዘው ፍጥነት ይንከባለላል፤ ሞተሩ ግን እንደሚሰጠው ነዳጅ ዙሩን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። የሹፌሩ ሙያ የሚለየው ሁለቱ ተመልሰው ሲገናኙ ነው። የሞተሩ ዙር አዲሱ ማርሽ የሚፈልገው ልክ ላይ ከተገኘ መኪናው ሳይነቀነቅ ጉዞውን ይቀጥላል። ካልተገኘ ግን የልዩነቱን ዕዳ የፍሪሲዮኑ ዲስክ፣ ካምቢዮውና የተሳፋሪው አንገት ይሸከማሉ።

ልኩ የት እንደሆነ በስሌት ይታወቃል። የካምቢዮው መውጫ ዘንግ አንድ ጊዜ እንዲዞር ሞተሩ በሁለተኛ ማርሽ 2 ጊዜ፣ በሦስተኛ ደግሞ 1.4 ጊዜ የሚዞርበት መኪና ቢታሰብ፣ በሁለተኛ ማርሽ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር የነበረው ሞተር ሦስተኛ ሲገባ ወደ 2,100 መውረድ አለበት። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሲመለስ ደግሞ ከ2,100 ወደ 3,000 መውጣት ይኖርበታል። ባጭሩ፣ ማርሽ ሲጨመር ዙር ይወርዳል፤ ማርሽ ሲቀነስ ዙር ይወጣል።

ማርሽ ሲጨመር ዋናው ሙያ መጠበቅ ነው። እግር ከነዳጅ ሲነሳ ዙሩ በራሱ ይወርዳል፤ የሚወርድበትን ፍጥነት የሚወስነው በአብዛኛው ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚዞረው ክብ ብረት፣ የቮላኖው ክብደት ነው። የጭነት መኪና ከባድ ቮላኖ ዙሩን ቀስ እያለ ስለሚለቅ እጅም ቀስ ማለት አለበት፤ የትንሽ ቤንዚን መኪና ዙር ቶሎ ስለሚወድቅ መዘግየት አይፈቅድም። አድማጭ ሦስት ስህተቶችን ሊለይ ይችላል። ድምፁ ከመውረዱ በፊት ሽቅብ ከጮኸ፣ ፍሪሲዮኑ ሲረገጥ የነዳጁ እግር አልተነሳም ማለት ነው። ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ መኪናው ወደፊት ከተወረወረ ዙሩ ሳይወርድ ተለቋል። ወደኋላ የመያዝ ስሜት ካለ ደግሞ ዙሩ ከልኩ በታች እስኪወድቅ ተጠብቋል። ከአሶሳ ማንጎ ጭኖ በሚወጣ አይሱዙ ላይ የዚህ ሁሉ ምስክር ጭነቱ ነው፤ በእያንዳንዱ መወርወር ላይኛው ፍሬ ታችኛውን ይጨፈልቀዋል።

ማርሽ መቀነስ ከመጨመር ይከብዳል፤ ዙሩ በራሱ አይወጣምና። ጥሩ ሹፌር ፍሪሲዮኑን ከመልቀቁ በፊት ነዳጅ ነካ አድርጎ ዙሩን ያነሳል። ካዲላክ በ1928 እ.ኤ.አ. ይዞት የወጣው ሲንክሮናይዘር የማርሾቹን ጥርሶች ፍጥነት ስለሚያስተካክል ማርሹ ሳይጮህ ይገባል፤ የሞተሩን ዙር ማስተካከል ግን አሁንም የሹፌሩ ድርሻ ነው። ሲንክሮናይዘር በሌለው ከባድ መኪና ላይ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ ይረገጣል፦ አንዴ ወደ ዜሮ ማርሽ ለመውጣት፣ በመካከል ነዳጅ ይሰጥና፣ ሁለተኛ ጊዜ ዝቅተኛውን ማርሽ ለማስገባት። እዚህ መመዘኛው ቅደም ተከተል ነው። ድምፁ ፍሪሲዮን ከመለቀቁ በፊት ከወጣ ሥራው የእግር ነው፤ ከተለቀቀ በኋላ መኪናው እየተጎተተ ከወጣ ሞተሩን በግድ ያሽከረከረው ጎማው ነው። በአሶሳ ዙሪያ ባለው ቀይ አፈር ላይ በክረምት ይህ ልዩነት ይጎላል፤ ድንገተኛው ጉተታ የኋላ ጎማን አንሸራትቶ መኪናውን ሊያዞረው ይችላልና።

ሹፌርን በደንብ የሚፈትኑት ረጅም ዳገትና ቁልቁለት ናቸው። ከአሶሳ በባምባሲ፣ በመንዲና በጊምቢ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ወደ ደዴሳ ሸለቆ ወርዶ ከ2,000 ሜትር በላይ ወዳለችው ነቀምት መውጣት አለበት። በዳገቱ ጥሩ ሹፌር ዙሩ ሳይዝል ማርሽ ይቀንሳል፤ የዘገየው ግን መኪናው ኃይሉን ካጣ በኋላ ሁለት ማርሽ በአንድ ጊዜ ለማውረድ ይገደዳል። አሶሳ ወደ 1,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከኃይሉ 15 በመቶ ያህል ያጣል፤ ስለዚህ በቆላው ኩርሙክ በሦስተኛ ለሚወጣ ዓይነት አቀበት አሶሳ ላይ ሁለተኛ ሊያስፈልግ ይችላል። በቁልቁለቱ ደግሞ መኪናውን በዜሮ ማርሽ መልቀቅ የአላዋቂ ቁጠባ ነው። ዘመናዊ ሞተር ማርሽ እንደገባ እግር ከነዳጅ ሲነሳ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ይቆርጣል፤ በዜሮ ማርሽ ግን ላለመጥፋት ነዳጅ ማቃጠሉን ይቀጥላል፤ የመያዙም ሸክም በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

ፍርድ ከመስጠት በፊት የሹፌሩን ጥፋት ከመኪናው መለየት ያስፈልጋል። ማርሽ ሳይቀየር ነዳጅ ሲጨመር ዙሩ ወጥቶ ፍጥነቱ ካልተከተለ ዲስኩ አልቋል። በአሮጌ መኪና እግር ተነስቶም ዙሩ ካልወረደ የነዳጁ ገመድ በአቧራ ተይዞ ወይም ሞተሩ በስንጥቅ አየር እየሳበ ሊሆን ይችላል። በአዳዲስ ቤንዚን መኪኖች ግን ይህ ብልሽት ላይሆን ይችላል፤ የጭሱን ብክለት ለመቀነስ ኮምፒውተሩ የአየር መግቢያውን ቀስ እያለ ይዘጋዋል፣ ዙሩም ለአፍታ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ይህን የሚያውቅ ሹፌር ፍሪሲዮኑን ከመርገጡ ጥቂት ቀደም ብሎ እግሩን ከነዳጅ ያነሳል። ዙሩ ልክ ሆኖ ማርሹ እየጮኸ ከገባ ደግሞ ሲንክሮናይዘሩ ተበልቷል ወይም ፍሪሲዮኑ በሙሉ አይለቅም።

በከተማው ባጃጅ ላይም ሕጉ አንድ ነው፤ ፍሪሲዮኑም ማርሹም በግራ እጅ ስለሚሠሩ ስህተቱ ከእግር ወደ እጅ ይዛወራል እንጂ። የመጨረሻው መመዘኛ አንድን ሹፌር በባዶና በጭነት ማዳመጥ ነው። ሁልጊዜ በአንድ ፍጥነት ላይ ማርሽ የሚቀይር ሰው የሚያየው የፍጥነት መለኪያውን ብቻ ነው። ጭነቱ ሲከብድ ዙሩን ከፍ አድርጎ የሚቀይር፣ ሲቀል ቶሎ የሚጨምር ግን ሞተሩን ያዳምጣል።