ቀይ አፈር በመስታወት ውስጥ፦ በአሶሳ የዕፅዋት አኳሪየምን በአነስተኛ ወጪ ስለ መያዝ

የዕፅዋት አኳሪየም፣ ማለትም ዓሣና የውኃ ውስጥ ተክል አብረው የሚያድጉበት የመስታወት ገንዳ፣ የባለጸጋ መዝናኛ ተደርጎ የሚታሰበው መመሪያዎች ገንዳውን በመሣሪያው ብዛት ስለሚለኩት ነው፤ ማሞቂያው፣ የኤሌክትሪክ ማጣሪያው፣ በሲሊንደር የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድና በፋብሪካ የተዘጋጀው አፈር ተራ በተራ ይዘረዘራሉ። አሜሪካዊቷ ዳያና ዋልስታድ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት መጽሐፍ ያስፋፉት ዘዴ ግን ይህን ሁሉ ወደ ጎን ትቶ፣ ከሥር ተራ አፈር፣ ከላዩ ጠጠር፣ በመስኮት የሚገባ ብርሃን፣ ብዙ ተክልና ጥቂት ዓሣ ብቻ ይጠይቃል። ይህ ዘዴ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ላለችው አሶሳ እጅግ ይስማማል፤ ይሁን እንጂ የሌላ አገር አፈር ታስቦ የተጻፈውን ምክር እንዳለ መውሰድ አይበጅም፤ ምክንያቱም የአሶሳ አፈር የራሱ ጠባይ አለው።

በአካባቢው የሚበዛው ቀይ አፈር የአፈር ተመራማሪዎች ኒቲሶል ከሚሉት ወገን ሲሆን፣ ሸክላነት ያለው፣ ብረትና አልሙኒየም የበዛበትና አሲዳማ ነው። እንዲህ ያለ አፈር ፎስፌትን፣ ማለትም ተክል የሚመገበውን የፎስፈረስ ውሁድ፣ ከብረቱ ጋር አጣብቆ ስለሚይዝ ገበሬው የጨመረው ማዳበሪያ ከፊሉ ለሰብሉ ሳይደርስ ይቀራል፤ ኖራ እንዲጨመር የሚመከረውም በዚሁ አሲዳማነት የተነሳ ነው። ለእርሻ ጠንቅ የሆነው ይህ ጠባይ ግን በገንዳ ውስጥ ሲሳይ ይሆናል። ከጠጠሩ ሥር ኦክስጅን ስለማይደርስ ብረቱ ወደሚሟሟ መልክ ይለወጥና የያዘውን ፎስፌት ለሥር ይለቅቃል፤ ከዚያ አምልጦ ወደ ላይ የሚወጣው ፎስፌት ደግሞ ኦክስጅን ያለበት ንብርብር ላይ ሲደርስ፣ እንደገና የዛገው ብረት ይይዘዋል። ተክሉ ከሥር ሲመገብ፣ ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገውና መስታወቱን የሚያለብሰው አልጌ ግን የሚበቃውን ያህል አያገኝም። ለዚህ ሥራ ገንዘብ ከፍሎ የታሸገ አፈር ማስመጣት፣ በዚህ ከተማ ቢያንስ፣ ትርጉም የለውም።

ጉዳቱም ከዚያው ይመነጫል፤ አሲዳማ አፈር ውስጥ የሚሟሟው ብረት ከበዛ ሥርን ይመርዛል። ስለዚህ አፈሩ ፀረ ተባይና ትኩስ ፍግ ካልነካው ቦታ ተወስዶ ይነፋል፤ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይደፋል፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ይህም ሦስት አራት ጊዜ ይደገማል። ከዚያ የእምነ በረድ ስብርባሪ ይቀላቀልበታል። እምነ በረድ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ በአሲዳማ ውኃ ቀስ እያለ እየሟሟ አሲዱን ያለዝባል፤ በክልሉ የእምነ በረድ ክምችት ስላለና ከወለል ሥራ የሚተርፈው ቁራጭ የትም ስለሚወድቅ ወጪው ከምንም አይቆጠርም። እምነ በረድ የሚመስል ሴራሚክ ግን አይረዳም፤ መለያው ቀላል ነው፤ ጥቂት ተፈጭቶ ሎሚ ሲጨመቅበት እውነተኛው አረፋ ያወጣል።

አፈሩ ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይነጠፍና በዚያው መጠን የታጠበ ሻካራ አሸዋ ይለብሳል። ውኃው በሳሕን ላይ እየፈሰሰ ቀስ ተብሎ መሞላት አለበት፤ ካልሆነ የሸክላው ድቃቅ ለቀናት ሳይዘቅጥ ይቆያል። በየሳምንቱ በቀጭን የቀርከሃ እንጨት አፈሩን ጠቅ ጠቅ ማድረግ የባለሙያው ልማድ ነው፤ ሽታ የሌለው አረፋ ቢወጣ ምንም ማለት አይደለም፤ የገማ እንቁላል የሚሸት ከሆነ ግን አፈሩ ከመጠን በላይ ወፍሯል ወይም ያልበሰበሰ ነገር ተቀብሮበታል ማለት ነው።

ዓሣ ከመግባቱ በፊት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መጠበቅ የግድ ነው። ከዓሣ ቆሻሻና ከሚበሰብስ ነገር የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ቀስ ብለው ስለሚራቡ ነው። ወባ በሚበዛበት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ግን ዓሣ የሌለበት የቆመ ውኃ የትንኝ መፈልፈያ ስለሚሆን ገንዳው መሸፈን አለበት፤ ለዚህም የሚታደለውን አጎበር መጠቀም ትልቅ ስህተት ነው፤ በአጎበሩ ላይ ያለው ፓይሬትሮይድ የተባለ ፀረ ትንኝ ለሰው ጉዳቱ ትንሽ ቢሆንም ለዓሣ ብርቱ መርዝ ነውና። ያልተነከረ ስስ ጨርቅ ይበቃል። የቤት ውስጥ የኬሚካል ርጭት በሚደረግበት ጊዜም ገንዳው በፕላስቲክ ታስሮ ይሸፈናል፤ ከተቻለም ከክፍሉ ይወጣል።

የብርሃን ጉዳይ ከአፈሩ ይቀላል። አሶሳ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ አካባቢ ስለምትገኝ የቀኑ ርዝመት ከወቅት ወቅት ብዙም አይለያይም፤ ነገር ግን ፀሐይ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ በቀትር በሰሜን በኩል፣ በቀረው ጊዜ በደቡብ በኩል ስለምትሆን፣ በሁለቱ አቅጣጫ ያለ መስኮት የዓመቱን ከፊል ብቻ ያገለግላል። የምዕራቡ መስኮት ደግሞ በመጋቢት ከሰዓት በኋላ ውኃውን ያፈላዋል። የተሻለው የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት የምሥራቅ መስኮት ነው፤ ደመናማ በሆኑት የክረምት ወራት አንድ ነጭ የኤል ኢ ዲ አምፖል ሊታከልበት ይችላል።

ጀማሪዎች የሚዘነጉት ከፍታውን ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,570 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚይዘው በስድስተኛ ያህል ያንሳል። ተክል ደግሞ ቀን ኦክስጅን ቢሰጥም ሌሊት እንደ ዓሣው ይተነፍሳል፤ ስለዚህ መብራት ቢጠፋ የሚቆም ፓምፕን ተማምኖ ዓሣ ከማብዛት ይልቅ፣ 54 ሊትር በሚይዝ ገንዳ፣ ማለትም 60 በ30 በ30 ሳንቲ ሜትር በሆነ፣ አምስት ወይም ስድስት ትናንሽ ዓሦች ብቻ ማኖር ይመረጣል። ሲነጋጋ ዓሦቹ አፋቸውን ከውኃው ገጽ ላይ ደቅነው ከታዩ ቁጥሩ በዝቷል።

ተክሉ በነጻ ይገኛል፤ ሴራቶፊለም የሚባለው ሥር አልባ ተክል በአገራችን ሐይቆች ይበቅላል፤ በፍጥነት ስለሚያድግም አሞኒያን ከባክቴሪያዎቹ ቀድሞ ይስባል። ከተፈጥሮ ውኃ የመጣ ተክል ግን በጥንቃቄ ታጥቦ ቀንድ አውጣዎች ሁሉ ይለቀሙበታል፤ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸውና። ተክል ፍለጋ በባዶ እግር ወደ ቆመ ውኃ መግባትም በዚሁ ምክንያት አይመከርም።

እንቦጭን፣ ያበበ ጊዜ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ወደ ገንዳ ማስገባት አይገባም። በጣና ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ወዲህ ያደረሰው ጉዳት የታወቀ ነው፤ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ የሐይቁን ውኃ ወደ በለስ ወንዝ ያወርዳል፤ በለስም በመተከል አድርጎ ወደ ዓባይ ይገባል፤ በዚያ አቅጣጫ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው የሕዳሴው ግድብ ሐይቅ ተኝቷል። ስለዚህ ከገንዳ የሚቆረጥ ትርፍ ተክል ምንም ይሁን ምን ወደ ጅረትም ሆነ ወደ ቦይ አይጣልም፤ ፀሐይ ላይ ደርቆ ከጓሮው ማንጎ ሥር ይቀበራል፤ ናይትሬት ያለበት የሚቀየረው ውኃም እዚያው ይደፋል።